ማንም አልታመመም፣ አባቴ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከዚሁ ከባሕር ዳር ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሽምብጥ አካባቢ ነው። 27 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም። እናቴ ካለፈው ጥር ጀምሮ እስከ ነሐሴ በጠና ታማ ነበር። የነፍስ አባታችን በዕድሜ የገፉ ቄስ ናቸው። ያን ሁሉ ወር በየሳምንቱ ጠበል ይዘው እየመጡ ሲጠይቋት ነበር። በሐምሌ አንድ ሌሊት እናቴን ትንፋሽ አጠራት። ወንድሜ መኪና ፍለጋ ወጣ፣ እኔ ለእሳቸው ደወልኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ዝናቡ እየወረደ በእግራቸው መጡ። ሆስፒታልም አብረውን ሄዱ፤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ዳዊታቸውን ሲደግሙ አደሩ። አሁን እናቴ ድናለች፣ ተነስታ ቡና ታፈላለች። ተመስገን ነው።

ባለፈው ወር 1000 ብር በፖስታ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሰጠኋቸው። ፖስታውን መልሰው በእጄ አስያዙኝና ‹ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨምሪው ልጄ› አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው ያሉኝ፤ እኔ ግን አፍሬ ተመለስኩ። ቅር አሰኝቻቸው ይሆን? ወንድሜ ደግሞ ‹ሥራቸው አይደል እንዴ? ደመወዝ አላቸው› ይለኛል። እኔ ግን ሳላመሰግናቸው እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ይዤ ልሂድ? ምን ልበላቸው? ያላገባች ሴት ቄስ ቤት ብትሄድስ ነውር ነው?»

እህቴ፣ እንኳን እናትሽን እግዚአብሔር ማረልሽ። ተነስታ ቡና ካፈላች እሰየው ነው።

ቅር አላሰኘሻቸውም። ይህን ከልብሽ አውጪው። ቅር ያለው ሰው ፈገግ ብሎ «ልጄ» አይልም። ግን አንድ ነገር አስቢ። ፖስታው የመጣው እናትሽ በዳነች ማግስት ነው። አንቺ ያሰብሽው ምስጋና ነው። ለሚያየው ሰው ግን ሒሳብ መዝጋት ይመስላል፤ ጸለዩ፣ ተከፈላቸው። ይህቺን መልክ የሚፈሯት አባቶች ብዙ ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሲሞን የሚባለው ጠንቋይ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ቢመጣ ጴጥሮስ ምን ብሎ እንደገሠጸው ያውቃሉ። የመለሱት አንቺን አይደለም፤ ያንን መልክ ነው።

የማቴዎስ ወንጌልን ምዕራፍ 10 ክፈቺና አንብቢ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልካቸው «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ይላቸዋል። ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» ይላል። እኔ እንደሚገባኝ የመጀመሪያው ቃል ካህኑን ይይዘዋል፤ አይሸጥም። ሁለተኛው እኛን ይይዘናል፤ አንረሳቸውም። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ስትደርሺ ደግሞ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ያጠጣ ሰው እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋበት ታገኛለሽ። ከእኛ የሚጠበቀው ይህን ያህል ነው፤ አንድ ጽዋ ውኃ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ነውና በቁጣ አትመልሺለት።

አዎ፣ ቅዳሴው ሥራቸው ነው። ግን ሥራው ምን እንደሚመስል ወንድምሽ ቀርቦ አይቶት ያውቃል? ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ቀሳውስት፣ 3 ዲያቆናት። የሚቀድስ ሰው 18 ሰዓት ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴው የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ እኛ ምሳ በልተን ቢሮ ስንመለስ እነሱ ገና መቅደስ ውስጥ ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲመጣ 55 ቀን አለ። የክብረ በዓል ዋዜማ ሲሆን ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው ያድራሉ። ያቺ የሚደገፉባት መቋሚያ ለጌጥ አልተሠራችም። ሰሞነኛ የሆነ፣ የሳምንቱ አገልግሎት ተራ የደረሰው ቄስ ደግሞ ያን ሳምንት ቤቱንም ልጆቹንም በወጉ አያይም።

የደመወዙም ነገር ወንድምሽ እንደሚያስበው አይደለም። ድሮ አብያተ ክርስቲያናት መሬት ነበራቸው፤ ካህናቱም በዚያ ይተዳደሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አጥቢያው የሚቆመው በምእመኑ እጅ ነው፤ በሰበካ ጉባኤ ክፍያ፣ በስዕለት፣ በሙዳየ ምጽዋት። ብዙ ሰው የሚሳለመው ትልቅ ደብር ደህና ይከፍላል። ትንሹ አጥቢያ ግን ያለውን ነው የሚሰጠው። ከባሕር ዳር ትንሽ ወጣ ብትዪ ቀን በሬ ጠምዶ ሲያርስ ውሎ፣ ሌሊት ተነስቶ ኪዳን የሚያደርስ ቄስ ታገኛለሽ። ከተማ ያለው ደግሞ የቤት ኪራይ አለበት፤ የልጆች ትምህርት አለበት፤ ዘይትና ጤፉን የሚገዛው እኔና አንቺ በምንገዛበት ዋጋ ነው።

ይህም ሁሉ ይቅር። በሐምሌ ዝናብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በእግር መጥቶ ኮሪደር ላይ ማደር በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ የለም። ለወንድምሽ ይህችን ብቻ ንገሪው። እሱም እዚያው ነበርና አይቷል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ይህን ዓምድ ስጽፍ ከዚህ በፊት አንስቼው አላውቅም።

የእኔም የነፍስ አባት ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ሁለቱን ወንዶች ልጆቼን በ40 ቀናቸው፣ ሴቷን በ80 ቀኗ ክርስትና ያነሱልኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲያርፍ የፈቱት እሳቸው ናቸው። እኔና ባለቤቴ ተጣልተን የማንነጋገርበት ጊዜ ነበር፤ መሐላችን ቁጭ ብለው ያስታረቁን እሳቸው ናቸው። ስልካቸው 11 ዓመት በስልኬ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማኅበራችን ቀን ስለቀየረ ያንኑ ልነግራቸው ደወልኩ። አነሱትና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ «ማን ታመመ ልጄ?» አሉኝ።

ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ የሚያወሩ ይመስላሉ። «ኧረ ማንም አልታመመም አባቴ» አልኩና የማኅበሩን ነገር ነግሬያቸው ዘጋሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። በ11 ዓመት ውስጥ ሰው ሳይታመምብኝ፣ ሳይሞትብኝ ወይም ሳይወለድልኝ አንድ ቀን ደውዬላቸው አላውቅም። ቁጥሬን ሲያዩ የሚደነግጡ ሰው አድርጌያቸው ኖሬአለሁ።

የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ግማሽ ኪሎ የዘጌ ቡና ነው የያዝኩት፣ ሌላ ምንም የለም። በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ላይ ያው ጥያቄ ነበር። «ማንም አልታመመም፣ አባቴ። እርስዎን ላይ ነው የመጣሁ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ባለቤታቸውን «ነይማ፣ እንግዳ መጥቶልናል» ብለው ጠሩ።

ያን ቀን ስለ እሳቸው የሰማሁት በ11 ዓመት ያልሰማሁትን ነው። ልጅ ሆነው ከቤት ጠፍተው ጎንጅ ቴዎድሮስ ቅኔ ሊማሩ እንደሄዱ ነገሩኝ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ውሻ የነከሳቸውን ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩኝ። የመጀመሪያ ቅኔያቸውን የዘረፉበትን ቀን ሲያነሱ ዓይናቸው በራ። እኔ እኮ የቅኔ ሰው መሆናቸውን እንኳ አላውቅም ነበር! ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ያን ጉልበት ይዘው ነው ለካ እኔ ደጅ የሚመላለሱት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ልጆቼን እያስከተልኩ በየወሩ አንድ እሑድ እሳቸው ዘንድ ቡና እንጠጣ ነበር። የዚያ ቤት ወግ እስከ ዛሬ ከልጆቼ አፍ አይጠፋም።

ካህን ብዙ ቤት ይጋበዛል። በየማኅበሩ፣ በየዝክሩ፣ በየሠርጉ ወንበር ይለቀቅለታል፣ ጠላው ይቀዳለታል። ግን ሁሉም ቦታ የሚሄደው ሊባርክ፣ ሊያስታርቅ፣ ሊያጽናና ነው። የሰው ሁሉ ጭንቀት ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ የሰማውን ለማንም አያወራም። «እርስዎስ እንዴት ከረሙ?» ብሎ መልሱን እስኪሰማ የሚቀመጥ ሰው ግን ጥቂት ነው። ለአንቺ የምመክርሽ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ያለ ጉዳይ ሂጂ።

ምን ይዤ ልሂድ ላልሽው፣ ከዕቃው በፊት ቀኑን እይ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ እስከ ገና ይዘልቃል። ከዚያ በፊትም ረቡዕና ዓርብ አለ። ስለዚህ ጾም ሆነ ፍስክ የማያስጨንቅ ነገር ያዢ። ባሕር ዳር ነንና የጣና ቆሮሶ ዓሣ ይዘሽ ልትሄጂ ታስቢ ይሆናል። ለፍስክ ቀን ግሩም ነው። በጾም ቀን ግን ተዪው። ስለ ዓሣ ሰው የፈለገውን ይከራከር፣ ካህኑን በገዛ ቤታቸው አጣብቂኝ ውስጥ አትክተቻቸው። ጠጅና አረቄም አልመክርሽም። መጠጥ በየሄዱበት ይቀርብላቸዋል። በዚያ ዕድሜ ስኳር ወይም ግፊት ሊኖርባቸው ይችላልና ጣፋጭም ከመግዛትሽ በፊት ባለቤታቸውን ጠይቂ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ድፎ ዳቦ ነው የምይዘው። ቅቤ ያልነካው፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ። ሊጡንም እናትሽ ታቡካው። አቅሟ ከፈቀደ ማለቴ ነው፤ ካልፈቀደ እጇን ብቻ ታስነካው። እሳቸው እንዳትሞት ሲማጸኑላት ያደሩላት ሴት ያቦካችው ዳቦ ነው። ይህን ሲሰሙ የሚሰማቸውን በ1000 ብርም በ10000 ብርም አትገዢውም። ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱት እናንተም አብራችሁ ትበላላችሁ። ከጎኑ ትንሽ ቡና ጨምሪበት። የዘጌ ቡና ካገኘሽ ደግሞ የአገራቸው፣ በገዳማቱ ጥላ ሥር ያደገ ቡና ነው፤ ወሬም ያስነሳል።

ሌላ ቀን ደግሞ የሚያስፈልጋቸውን አስተውለሽ ተመልከቺ። ስጦታ ማለት እኮ ማስተዋል ነው። በሐምሌ ዝናብ በእግራቸው መጡ አላልሽም? ታዲያ ጠንካራ ጃንጥላ አላቸው? የእጅ ባትሪስ? ከታኅሣሥ ጀምሮ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ለማኅሌት የሚለብሱት ጋቢ ሳስቶ ይሆናል። የበዓል ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ባጃጅ ተነጋግረሽ ሒሳቡን ቀድመሽ ልትከፍዪ ትችያለሽ። በዚያ ሰዓት ለሽማግሌ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም። ለባለ ባጃጁም «አባታችንን ቀስ ብለህ ውሰድልኝ» ማለትሽን አትርሺ። ከቅዳሴ ሲወጡ ደግሞ ደጀ ሰላም አካባቢ ይዞ መጠበቅ የሚቻል ነገር አለ፤ አንድ ፔርሙዝ ትኩስ ተልባ። 18 ሰዓት ባዶውን ለቆየ ሆድ እንደ ተልባ የሚስማማው የለም።

ይህን ካነሳሁ ከተራንም ላንሳው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ፤ ካህናቱ ድንኳን ውስጥ ሲያሸበሽቡና ሲጸልዩ ያድራሉ። ሌሊት ላይ ቅዳሴ ስላለ የሚቀድሱት አይቀምሱም። ስለዚህ ቸኩለሽ ማታ አትውሰጂ። ጧት፣ ጠበሉ ከተረጨ በኋላ፣ የጣና ነፋስ ፊት ሲቆርጥ፣ ያኔ ትኩስ ሻይና ዳቦ ይዘሽ ብቅ በይ። ለነፍስ አባትሽ ብቻ ሳይሆን አጠገባቸው ለቆሙት ዲያቆናትም ይበቃል። ሰፈራችሁ ቢተባበር ደግሞ አንዱ ፔርሙዝ፣ አንዱ ስኒ፣ አንዱ ዳቦ ይዞ ይመጣል።

ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። የነፍስ አባት አባት ነው፤ ልጅ አባቷን ትጠይቃለች። ግን የአገሩን ወግ ጠብቂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ከእናትሽ ወይም ከወንድምሽ ጋር ሁኚ። በቀን ሂጂ። ቀድመሽ ደውዪ፤ ስትደውዪም ሰላምታውን እንደጨረስሽ «ሁላችንም ደህና ነን» በይ፣ እንዳይደነግጡ። የቀደሱ ዕለት ከሆነ ዐረፍ የሚሉበትን ሰዓት ተዪላቸው። ስትገቢ ነጠላሽን አስተካክለሽ «ይፍቱኝ አባቴ» በይና መስቀል ተሳለሚ። ከዚያ ቁጭ በይ። በዚያ ቀን ችግር አታንሺ። የሥራ ቦታ ጭቅጭቁ፣ የጋብቻው ነገር፣ የሕልሙ ፍቺ ለሌላ ቀን ይቆይ። ያን ቀን የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። «ጉልበትዎ እንዴት ነው? የት ነው የተማሩት? የኔታዎ ማን ነበሩ?» በይ። የኔታቸውን የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ አንቺ ብዙ መናገር አያስፈልግሽም።

ባለቤታቸውን ደግሞ በጣም አደራ እልሻለሁ። ቄስ ከመቀሰሱ በፊት በቁርባን ያገባል። ሚስቱ ብትሞት ሌላ አግብቶ በቅስናው መቀጠል አይችልም። አንድ ለአንድ ናቸው። ያን የሐምሌ ሌሊት ስልኩ ሲጮህ አብራ የነቃች ሴት አለች። በሩን ከፍታ በዝናብ የሸኘቻቸው፣ እስኪመለሱ እንቅልፍ ያልወሰዳት እሷ ናት። እሳቸውን ሰው ሁሉ እጅ ይነሳቸዋል፤ እሷን ስንቱ ያመሰግናታል? ለእሷ ለብቻዋ የሆነ ነገር ያዢ። ነጠላ ይሁን፣ የሻይ ቅጠል ይሁን፣ ምንም ይሁን። በእጇ ስጫትና «እማማ፣ ያን ሌሊት እርስዎም አብረውን አድረዋል» በያት።

ምን ልበላቸው ላልሽው፣ የሆነውን ንገሪያቸው። «ስላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ» የሚለው ጥሩ ነው፤ ግን ለማንም ይባላል። አንቺ ያየሽውን ተናገሪ። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፤ «አባቴ፣ በዚያ ዝናብ መምጣትዎን አልረሳነውም። ኮሪደሩ ላይ ሲጸልዩ ድምፅዎን እየሰማሁ ነው የተረጋጋሁት። እናቴ ትናንት በራሷ እግር ገበያ ደርሳ ተመለሰች። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።» አፍሽ ከተያዘ በወረቀት ጻፊው። አንድ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ ቃል ዳዊት ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቆያል። ከዚያ በኋላም በየበዓሉ ደውለሽ «እንኳን አደረሰዎ» በያቸው። አንድ ደቂቃ ነው።

ገንዘብ መስጠት ነውር ነው እያልኩሽ አይደለም። ይህን በደንብ ያዢው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው «ካህን ገንዘብ አይፈልግም» የሚለውን ለስስቱ መሸፈኛ ያደርገዋል። ቄስም ኪራይ ይከፍላል፣ መድኃኒት ይገዛል። መስጠት ከፈለግሽ ከጸሎትና ከአገልግሎት ጋር ሳታገናኚ ስጪ። ለዘመን መለወጫ፣ ለፋሲካ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ለልጆቻቸው ደብተርና ጫማ። ለቤተ ክርስቲያኑ ከሆነ ደግሞ በሰበካ ጉባኤው በኩል በደረሰኝ ይሁን፤ ለአንቺም ለእሳቸውም ንጹሕ ነው። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ መውሰድም ያባቶቻችን ወግ ነው። እሱ ግን ለመቅደሱ የሚሰጥ መባ ነው። ለሰውየው የሚደረገውን ምስጋና አይተካውም።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ዳቦ ሲቆርሱ በስልክሽ አትቅረጫቸው። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ «የነፍስ አባቴን አመሰገንኩ» ብሎ መለጠፍ እየተለመደ ነው፤ እኔን በጣም ያሳዝነኛል። የቤታቸውን ግድግዳ፣ የለበሱትን ያረጀ ቀሚስ አገር ሁሉ እንዲያየው አልጠየቁም። ደግሞም ዳቦ በወሰድሽ ማግስት «አባቴ፣ ለእኔ ቅድሚያ ይስጡኝ» የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ።

ደብዳቤሽ ስለ አንድ ቄስ ነው፤ ግን ሌሎች አንባቢዎችም የሚጠይቁኝ አለና በአጭሩ ልመልስ። ወደ ጣና ገዳማት ስትሄዱ ነገሩ ትንሽ ይለያል። መነኩሴ የግሉ የሚለው ነገር የለውም፤ የሚሰጠው ለማኅበሩ ነው። ስለዚህ ለአንዱ አባት ለብቻ ከመሸጎጥ ይልቅ ለገዳሙ ስጡ። ጨው፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ ሳሙና፣ ጧፍ ሁሌም ይፈለጋል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። እኛ ሴቶች የያዝነውን በወንዶቹ እጅ እንልካለን። ከክብራን አጠገብ እንጦስ ደሴት ላይ ያሉትን እናቶችም አስታውሱ፤ ብዙ ጀልባ ሳያያቸው ያልፋል።

የአብነት ተማሪ ደግሞ ደጃችሁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መሸኘት ቀሎናል። የነገው ቄስ እኮ ያ ልጅ ነው! ትኩስ እንጀራ ስጡት። ስሙን ጠይቁት። ምን ላይ እንደደረሰ፣ ዳዊት ይሁን ቅኔ፣ ጠይቁት። ሲመለስ እየሮጠ ነው የሚሄደው።

የሙስሊም ጎረቤቴም ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሆና ትሰማኝ ነበር። እነሱ ቤት በረመዳን ከሾርባውና ከሳምቡሳው አስቀድሞ ለኢማሙና ለሙአዚኑ የሚሆነው ይነሳል፤ ይዞ የሚሄደውም የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። እሱን ለምን እንደሚልኩት ስጠይቃት «ከልጅነቱ በሩን እንዲያውቀው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት።

እንግዲህ እህቴ፣ ኅዳር ሳይጋመስ አንዱን እሑድ ያዢ። ወንድምሽን አትተዪው። አትከራከሪው፣ ብቻ «ዳቦው ከባድ ነው፣ ያዝልኝ» በዪው። ሌሊቱን መኪና ፍለጋ የሮጠው እሱ ነው፤ ቄሱ ሲያዩት ከሁላችሁም በላይ የሚያቅፉት እሱን ይመስለኛል። በር ስታንኳኩ ደግሞ አንቺ ከኋላ ሁኚ። «ማን ታመመ?» ከማለታቸው በፊት እንዲያይዋት እናትሽን ከፊት አስቀድሚያት።